በአነስተኛ ገንዘብ የቤት ኮምፒውተር ለመገጣጠም ምርጫው ከማዘርቦርድ ይጀምር

ኮምፒውተር በመኖሪያ ቤት ውስጥ እንደ ቅንጦት ዕቃ የሚታይበት ጊዜ አልፏል። በሥራ ሰዓት ያላለቀ ሪፖርት በምሽት የሚያጠናቅቅ ሠራተኛ፣ በርቀት ትምህርት ዕውቀቱን የሚያሻሽል ባለሙያ፣ ለፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሁሉ የሚገለገልበት መሣሪያ ሆኗል። ይሁን እንጂ በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ቤተሰብ የኮምፒውተር ግዥ በብዙ ዓመታት አንድ ጊዜ የሚፈጸም፣ ለወራት ተቆጥቦ የሚከፈልበት ውሳኔ ነው።

የኮምፒውተር ክፍሎች በውጭ ምንዛሪ ወደ አገር የሚገቡ በመሆናቸው ዋጋቸው የምንዛሪውን ተመን ይከተላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ይህ ትስስር ይበልጥ ጎልቷል። በዓለም ገበያም እ.ኤ.አ. በ2025 የመጨረሻ ወራት የማስታወሻ ቺፖች ዋጋ በከፍተኛ ደረጃ ጨምሯል። ለዚህም ዋነኛው ምክንያት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት የሚገነቡ የመረጃ ማዕከላት ያስከተሉት ፍላጎት ነው። በእንዲህ ዓይነት ገበያ ከሌላው ጋር የማይገጥም ዕቃ የገዛ ሰው ያንኑ ዕቃ ሁለት ጊዜ ለመግዛት ይገደዳል።

የተሟላ ኮምፒውተር ከመግዛት ይልቅ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ መገጣጠም የራሱ ጥቅም አለው። ገዥው ለማይፈልገው ነገር አይከፍልም፤ አንድ ክፍል ሲበላሽ ያንን ብቻ ይቀይራል፤ አቅሙ ሲፈቅድም ደረጃ በደረጃ ያሻሽላል። ይህ ሊሆን የቻለው ክፍሎቹ በጋራ መለኪያ ስለሚሠሩ ነው። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ ያቀረበው የግል ኮምፒውተር ከተለያዩ አምራቾች በተገኙ ክፍሎች የተሠራ ነበር። ኢንቴልም እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የተሰኘውን የማዘርቦርድ፣ የፓወር ሰፕላይና የኬዝ መለኪያ አስተዋወቀ። ዛሬም አንድ አምራች የሠራው ማዘርቦርድ ሌላው በሠራው ኬዝ ውስጥ የሚገባው በዚሁ መለኪያ ምክንያት ነው።

የጋራ መለኪያ መኖሩ ግን ማንኛውም ዕቃ ከማንኛውም ዕቃ ጋር ይስማማል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስህተት ግዥውን በስሙ ከታወቀ ፕሮሰሰር ጀምሮ በተረፈው ገንዘብ የተገኘውን ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ መውሰድ ነው። ፕሮሰሰሩ የትኛው እንደሚሆን፣ የሚገጥመው ራም ዓይነትና ብዛት፣ የዲስኩ ፍጥነት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊደረግ የሚችለው ማሻሻያ የሚወሰነው በማዘርቦርዱ ነው። ስለዚህ በአነስተኛ ገንዘብ የሚገጣጠም ኮምፒውተር ወጪ የሚቀንሰው እያንዳንዱን ዕቃ በርካሽ ዋጋ በመግዛት ሳይሆን እርስ በርስ የሚስማሙ ዕቃዎችን በመምረጥ ነው።

ሥራውን አስቀድሞ መለየት

ከሁሉ በፊት ኮምፒውተሩ የሚሠራውን ሥራ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ደብዳቤና ሪፖርት መጻፍ፣ የሒሳብ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት፣ ኢንተርኔት መጠቀም፣ በቪዲዮ ስብሰባ መሳተፍና ትምህርታዊ ፊልም ማየት ከፍተኛ አቅም የሚጠይቁ ሥራዎች አይደሉም። ለእነዚህ በዝቅተኛና በመካከለኛ ደረጃ ያለ ፕሮሰሰር ከነአብሮ የተሠራው የምስል ክፍል በቂ ነው፤ የተለየ ግራፊክስ ካርድም አያስፈልግም። የሕንፃ ንድፍ፣ የቪዲዮ ቅንብር ወይም ከባድ ጨዋታ የታሰበ ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል፤ ፓወር ሰፕላዩም ኬዙም ያንን ታሳቢ አድርገው መመረጥ ይኖርባቸዋል።

የማዘርቦርድ ምርጫ

በማዘርቦርድ ላይ በመጀመሪያ የሚታየው የፕሮሰሰሩ መቀመጫ ማለትም ሶኬቱ ነው። ለአንድ ሶኬት የተሠራ ፕሮሰሰር በሌላው ላይ አይገጥምም። ከኤ.ኤም.ዲ. በኩል ኤ.ኤም.4 የተባለው ሶኬት እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኤ.ኤም.5 ደግሞ በ2022 ቀርበዋል። ከኢንቴል በኩል ኤል.ጂ.ኤ.1700 እ.ኤ.አ. በ2021፣ ኤል.ጂ.ኤ.1851 በ2024 ተከትለዋል። አዲሶቹ ኤ.ኤም.5 እና ኤል.ጂ.ኤ.1851 የሚቀበሉት ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው። ኤ.ኤም.4 ዲዲአር4 ብቻ ይቀበላል። ኤል.ጂ.ኤ.1700 ግን እንደ ማዘርቦርዱ ዓይነት ከሁለቱ በአንዱ ይሠራል። በመሆኑም ገንዘቡ ለተመጠነ ገዥ ኤ.ኤም.4 እና ዲዲአር4 የሚቀበለው ኤል.ጂ.ኤ.1700 በቅድሚያ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ለረጅም ጊዜ ማሻሻያ የሚያስብና ጥቂት መጨመር የሚችል ደግሞ፣ ኤ.ኤም.ዲ. እስከ 2027 እና ከዚያም በኋላ እንደሚደግፈው ያስታወቀውን ኤ.ኤም.5 ቢመለከት ይጠቀማል።

ሁለተኛው ቺፕሴቱ ነው። ቺፕሴት ማዘርቦርዱ ምን ያህል ዲስክ፣ የዩኤስቢ መሰኪያና ተጨማሪ ካርድ ማስተናገድ እንደሚችል የሚወስን ክፍል ነው። በኤ.ኤም.4 ሶኬት ኤ520 ዝቅተኛው፣ ቢ550 መካከለኛው ደረጃ ተደርገው ሊወሰዱ ይችላሉ። በኤል.ጂ.ኤ.1700 ደግሞ ኤች610 ዝቅተኛውን፣ ቢ660 እና ቢ760 መካከለኛውን ደረጃ ይይዛሉ። ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ቺፕሴቶች የሚያስከፍሉት ተጨማሪ ገንዘብ በአብዛኛው የፕሮሰሰርን ፍጥነት ከተሠራበት ልክ በላይ ለማሳደግና ብዙ ካርዶችን ለመሰካት ስለሆነ ለተራ የቤት አገልግሎት አስፈላጊ አይደለም።

በዝቅተኛውና በመካከለኛው ደረጃ መካከል ያለው ልዩነት ግን መታየት አለበት። ለምሳሌ ኤች610 ማዘርቦርድ ከሁለት የበለጠ የራም መሰኪያ አይኖረውም፤ በመካከለኛው ደረጃ ካሉት ብዙዎቹ አራት አላቸው። ሁለቱም መሰኪያዎች ባለ 4 ጊጋባይት ራም ከተሰካባቸው ከዓመት በኋላ ለመጨመር ሲፈለግ የነበረውን አውጥቶ ከመጣል በስተቀር አማራጭ የለም። በሁለት መሰኪያ ላይ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ሰክቶ ሁለተኛውን ለነገ ክፍት መተው ከዚህ የተሻለ ነው።

ሦስተኛው መጠን ነው። ሙሉው ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊ ሜትር፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170 ይለካሉ። ትንሹ ቦርድ በትልቁ ኬዝ ውስጥ ይገባል፤ ትልቁ ግን በትንሹ አይገባም። ዋጋን ከአገልግሎት ጋር በማመዛዘን ለቤት የሚመረጠው ብዙውን ጊዜ ማይክሮ ኤቲኤክስ ነው። ሚኒ አይቲኤክስ ትንሽ ቢሆንም ርካሽ አይደለም፤ የመሰኪያዎቹም ቁጥር የተወሰነ ነው።

አራተኛው የኋላ መሰኪያዎቹ ናቸው። ቤት ውስጥ ያለው ሞኒተር በቪጂኤ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ከሆነ ማዘርቦርዱ የቪጂኤ መሰኪያ እንዳለው፣ አዲስ ከሆነ ደግሞ ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይፖርት እንዳለው አስቀድሞ ማየት ይገባል። ይህ ሳይታይ ቀርቶ በመጨረሻው ሰዓት ማቀያየሪያ ፍለጋ የሚያስወጣው ገንዘብ በዕቅድ ያልተያዘ ወጪ ይሆናል።

አምስተኛውና ብዙዎች የሚዘነጉት ባዮስ ነው። ባዮስ ማዘርቦርዱ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም ሲሆን የሚገጥመውን ፕሮሰሰር የሚያውቀው በእርሱ አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ቢ450 ቺፕሴት ያለው ማዘርቦርድ በ2020 የወጡትን የራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች የሚቀበለው ባዮሱ ከታደሰ ብቻ ነው። ሶኬቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ፕሮሰሰሩ በትክክል ቢቀመጥም ባዮሱ አሮጌ ከሆነ ኮምፒውተሩ ምስል አያሳይም። ገዥው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ከሻጭ ጋር ወደ ክርክር የሚገባውም በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ማዘርቦርዱ የተመረጠውን ፕሮሰሰር ከየትኛው የባዮስ እትም ጀምሮ እንደሚደግፍ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ማረጋገጥ፣ ካስፈለገም ሻጩ አድሶ እንዲያስረክብ መስማማት ያሻል።

ፕሮሰሰርና የምስል ክፍሉ

በአነስተኛ ገንዘብ ለሚገጣጠም ኮምፒውተር ሁለት ፕሮሰሰሮችን በምሳሌነት ማንሳት ይቻላል። የኤ.ኤም.ዲ. ራይዘን 5 5600ጂ 6 ኮር ያለው ሲሆን በኤ.ኤም.4 ሶኬት ላይ ይሠራል። የኢንቴል ኮር አይ3-12100 4 ኮር ያለው ሲሆን መቀመጫው ኤል.ጂ.ኤ.1700 ነው። ሁለቱም የምስል ክፍል አብሯቸው ስላለ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልጋቸውም።

እዚህ ላይ በስማቸው መጨረሻ ያለችውን የላቲን ፊደል ልብ ማለት ይገባል። በኢንቴል ፕሮሰሰር ስም መጨረሻ ላይ ኤፍ የምትለው ፊደል ካለች ፕሮሰሰሩ የምስል ክፍል የለውም። በኤ.ኤም.4 ላይ ከሚሠሩት ራይዘኖች ደግሞ የምስል ክፍል ያላቸው ጂ የምትለው ፊደል ያለባቸው ናቸው። በዋጋ ቅናሽ ተስቦ ኮር አይ3-12100ኤፍ ወይም ጂ የሌለበትን ራይዘን 5 5600 የገዛ ሰው ግራፊክስ ካርድ ካልጨመረ በስተቀር ሞኒተሩ ላይ ምንም አያይም። በአንዲት ፊደል ምክንያት የተቆጠበው ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

በካርቶን ታሽገው የሚሸጡት ሁለቱም ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ማቀዝቀዣ ፋን አላቸው። ያለ ካርቶን የሚሸጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ፋን ስለማይኖራቸው ዋጋ ሲነጻጸር ይህም መታሰብ አለበት።

ራምና ማከማቻ

ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ራሞች ርዝመታቸውም ሆነ የእግሮቻቸው ቁጥር ተመሳሳይ ነው፤ ሁለቱም 288 እግር አላቸው። ይሁንና ቆረጣው የሚገኝበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም፤ በኃይል ማስገባትም ሁለቱንም ያበላሻል። ለቢሮ ሥራ 8 ጊጋባይት መነሻ ሲሆን ለተመቸ አገልግሎት 16 ጊጋባይት ይመረጣል። የምስል ክፍሉ ከራሙ ላይ ስለሚጋራ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራሞች ጎን ለጎን ሲሠሩ ከአንድ ባለ 16 የተሻለ ፍጥነት ይገኛል።

ለማከማቻ ኤስኤስዲ መምረጥ አከራካሪ አይደለም። ተሽከርካሪው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ በሳታ መስመር የሚሠራ ኤስኤስዲ እስከ 550፣ በሦስተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚሠራ ኤንቪኤምኢ ደግሞ እስከ 3,500 ሜጋባይት ያነብባል። አሮጌ ኮምፒውተር በፕሮሰሰር ለውጥ ሳይሆን በኤስኤስዲ ብቻ እንደ አዲስ ሲፈጥን የሚታየው ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ ከሚፈለገው በላይ መክፈል ተገቢ አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው ራይዘን 5 5600ጂ የሚሠራው በሦስተኛው ትውልድ መስመር ስለሆነ በውድ ዋጋ የተገዛ የአራተኛው ትውልድ ኤስኤስዲ ቢሰካለትም ፍጥነቱ በሦስተኛው ልክ ይወሰናል። በተጨማሪም ኤም.2 የተባለው ቀጭን መሰኪያ በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ኤንቪኤምኢ ብቻ፣ በአንዳንዶቹ ሳታንም የሚቀበል ስለሆነ ከመግዛት በፊት የማዘርቦርዱን መግለጫ ማንበብ ይገባል። ምንጊዜም አስፈላጊ ሰነዶች በሌላ ዲስክ ቅጂ ሊኖራቸው ይገባል።

ገንዘብ የማይቆጠብበት ቦታ፤ ፓወር ሰፕላይ

ከሁሉም ክፍሎች ርካሹን መምረጥ አደጋ የሚያስከትለው በፓወር ሰፕላይ ላይ ነው። ሌላው ክፍል ሲበላሽ ብቻውን ይበላሻል፤ ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ግን ማዘርቦርዱንና ዲስኩን ይዞ ሊሄድ ይችላል። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበትና በሚዋዥቅበት አካባቢ ይህ ሥጋት ይበልጥ ከባድ ነው።

ግራፊክስ ካርድ ለሌለው የቤት ኮምፒውተር ብዙ ዋት አያስፈልግም። ራይዘን 5 5600ጂ በ65 ዋት፣ ኮር አይ3-12100 በ60 ዋት መነሻ ኃይል የተነደፉ ናቸው፤ በሥራ ጫና ጊዜ ሁለቱም ወደ 90 ዋት ይጠጋሉ። ስለሆነም በትክክል የሚሰጥ የ400 ወይም የ450 ዋት ፓወር ሰፕላይ በቂ ትርፍ አለው። ችግሩ በሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ እውነት አለመሆኑ ነው። እውነቱ የሚገኘው በጎኑ ላይ ባለው ሠንጠረዥ ሲሆን በተለይ የ12 ቮልት መስመሩ ስንት አምፒር እንደሚሰጥ ማየት ይጠቅማል። 12 ቮልት በ30 አምፒር ሲባዛ 360 ዋት ይሆናል። በሽፋኑ ላይ 600 ዋት ተብሎ በ12 ቮልት መስመሩ 20 አምፒር ብቻ የተጻፈበት ዕቃ በዚህ ዋና መስመር የሚሰጠው 240 ዋት ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው 80 ፕላስ የተሰኘው የብቃት ምልክትም ለምርጫ ይረዳል።

በአንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ ይገኛል። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት ስለሆነ ማብሪያው 230 ላይ መሆኑን ሳያረጋግጡ መሰካት በአንድ ቅጽበት ዕቃውን ያቃጥለዋል። ዩፒኤስ መግዛት የሚችል ሰው መብራት ሲጠፋ ሥራውን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ ያገኛል። ያልቻለ ቢያንስ ጥራት ያለው ስታብላይዘር ቢጠቀም፣ የግድግዳው ሶኬትም የመሬት መስመር እንዳለው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢያስፈትሽ ይበጃል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ኬዝን በሚመለከት ከጌጥና ከመብራት ይልቅ የአየር ዝውውር ይቅደም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በከፍተኛ ቦታ ላይ የምትገኝ ከተማ እንደመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ዝቅ ያለ ነው። ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ሳይሆን አየር የሚያስገባ፣ አቧራን የሚያጣራ ወንፊት ያለው ኬዝ ለዚህ ተስማሚ ነው።

ያገለገለ ዕቃ ሲታሰብ

መገጣጠም ሁልጊዜ ርካሹ መንገድ አይደለም። ከቢሮ አገልግሎት የወጣ የተሟላ ኮምፒውተር አንዳንድ ጊዜ ከአዲስ ክፍሎች ድምር ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ሆኖም ሁለት ነገሮች መታየት ይኖርባቸዋል። አንደኛ ብዙዎቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች የራሳቸው ልዩ ቅርጽ ያለው ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ ስላላቸው ሲበላሹ በገበያ ያለው መደበኛ ዕቃ አይገጥማቸውም። ሁለተኛ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ተቋርጧል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል የሚጠይቅ ሲሆን ከኢንቴል ስምንተኛው ትውልድና ከራይዘን 2000 በፊት የነበሩትን አብዛኞቹን ፕሮሰሰሮች አይደግፍም። ከዚያ ያነሰ ኮምፒውተር ያለው ሰው እንደ ኡቡንቱ ያለ በነፃ የሚገኝ ሥርዓት ሊጠቀም ይችላል።

ያገለገለ ማዘርቦርድ ለብቻው ሲገዛ በኤል.ጂ.ኤ. ሶኬቶችና በኤ.ኤም.5 ላይ እግሮቹ የሚገኙት በማዘርቦርዱ ላይ ስለሆነ አንዳቸውም አለመጣመማቸውን በብርሃን ማየት ያስፈልጋል። በኤ.ኤም.4 ግን እግሮቹ ያሉት በፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆነ የሚመረመረው እርሱ ነው። አናታቸው ያበጠ ወይም ፈሳሽ የወጣባቸው ካፓሲተሮች ያሉበት ቦርድ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ አይገዛም። በተጠፋ ቁጥር ሰዓቱን የሚረሳ ማዘርቦርድ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ትንሿን ክብ ባትሪ መቀየር ብቻ ነው።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት

ዝርዝሩ ከተዘጋጀ በኋላ አንድም ዕቃ ሳይገዛ በወረቀት ላይ ማመሳከር ይገባል። ፕሮሰሰሩ ከሶኬቱና ከባዮሱ፣ ራሙ ከማዘርቦርዱ ዓይነት፣ ኤስኤስዲው ከኤም.2 መሰኪያው፣ ማዘርቦርዱ ከኬዙ መጠን፣ ሞኒተሩ ከኋላ መሰኪያው ጋር መስማማቱ አንድ በአንድ ይታያል። ገንዘቡ ካልበቃ መቀነስ የሚቻለው ከኬዙ ጌጥ፣ ከዚያም ከፕሮሰሰሩ ደረጃ ነው። ራም በኋላ ሊጨመር ይችላል፤ ዲስክም እንዲሁ። ማዘርቦርድን መቀየር ግን ኮምፒውተሩን ፈትቶ እንደገና መገጣጠም ነው፤ ደካማ ፓወር ሰፕላይም የተቀረውን ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣል።

ክፍሎቹ ሲገዙ ከደረሰኙ ጋር የዋስትናው ጊዜ በጽሑፍ ይያዝ። የሚቻል ከሆነ ኮምፒውተሩ እዚያው ሱቅ ውስጥ ተገጣጥሞ እንዲበራ ይደረግ። ባዮሱ የራሙን ሙሉ መጠን፣ የዲስኩንና የፕሮሰሰሩን ስም በትክክል ማሳየቱም በዓይን ይረጋገጥ። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ የሚመጣን የብዙ ቀን ምልልስ ያስቀራል።

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። የወራት ቁጠባ የሚፈስበት ግዥ ከሱቁ በር ላይ ሳይሆን ከቤት፣ በወረቀትና በእርሳስ ቢጀመር ቤተሰቡ ለብዙ ዓመታት የሚገለገልበት፣ ሲያረጅም በየክፍሉ የሚታደስ ኮምፒውተር ሊኖረው ይችላል።